ዘፈኑን ያተረፈች እንባ

አትላንታ ካለው ሀበሻ ሁሉ፣ በአንዲት ዘለላ እንባ የአሜሪካኖችን የሮክ አልበም ዕጣ የወሰነ እኔ ብቻ ነኝ። ጊታር ደግሞ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ከስንት ታላላቅ ባንድ ጋር መድረክ ላይ ወጥቻለሁ። እርግጥ የምወጣው ጊታሩን ተሸክሜ ነበር፤ አስቀምጬው እወርዳለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ግን አትላንታ ውስጥ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ዓመታት አልፈውታል፤ እኔ ግን ዛሬም ያ ዘፈን ሲነሳ ፊቴ ይግላል።

ያኔ ሁለት ሥራ ነበረኝ። ከንጋት እስከ ቀትር የኤርፖርት ሻትል እነዳለሁ፤ ከዚያ እስከ ማታ ዳውንታውን ፓርኪንግ እጠብቃለሁ። እንቅልፍን የማውቀው በዝና ብቻ ነበር። ቤት ስገባ ሶፋው ላይ እንደ ተጣለ ጆንያ ነው የምወድቀው።

ሜሮን የእህቴ ልጅ ናት፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ጥሩ ሥራ ከያዘች በኋላ ከሁለት ፈረንጆች ጋር ባንድ አቋቋመች። እሷ ትዘፍናለች፣ ጆሽ ጊታር ይመታል፣ ሦስተኛው ከበሮ። ጆሽ የእንግሊዞች የጊታር ፖፕ ያሳበደው ልጅ ነው። እንግሊዝ አገርን ረግጦ ሳያውቅ በጆርጂያ ፀሐይ ካፖርት ለብሶ ይዞራል። አዲሱን አልበም በሙሉ በዚያው መንፈስ ሠሩት፤ ፈጠን ያለ፣ ጊታሩ እንደ ቃጭል የሚንቃጨል።

አንድ ቅዳሜ ከሻትሉ ሥራ ወጥቼ ብራያርክሊፍ ጎዳና ያለው አፓርታማችን በር ላይ የራሴን መኪና ፓርክ ሳደርግ ሦስቱም ቆመው ይጠብቁኛል።

«ጋሼ፣ እንዳትወርድ!» አለችኝ ሜሮን። «አልበሙን አንተ መኪና ውስጥ ነው የምንሰማው። ስቱዲዮ ውስጥማ ሁሉም ነገር ጥሩ ሆኖ ይሰማል። እዚህ ጥሩ ከሆነ፣ ላይክ፣ የትም ጥሩ ነው።»

መኪናዬን መስደቧ እንደሆነ ገብቶኛል።

ሁለቱ ከኋላ ሲገቡ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ጉዳዩን በአማርኛ ነገረችኝ። ሰባተኛው ዘፈን የራሷ ድርሰት ነው፤ ቀስ ያለ ነው። ጆሽ «ከሌሎቹ ጋር አይሄድም፣ ይውጣ» ብሏል። ካሴቱ ሰኞ ለአሳታሚው መግባት አለበት።

«ዘፈኑ ከወጣ እኔም ከባንዱ እወጣለሁ» አለች። «ጊታሪስት እንደነበርክ ለጆሽ ነግሬዋለሁ። አንተ ያልከውን አክሴፕት ያደርጋል። ኦነስትሊ ንገረን፣ እሺ?»

«ለዚህ ጆሮ ተዪው!» አልኳት።

ካሴቱ ተከፈተ። የመጀመሪያው ጥሩ ነበር፤ ሁለተኛውም ልክ እንደ መጀመሪያው። አራተኛው ላይ ማዛጋት መጣብኝ። ነውር ነው ብዬ ጥርሴን ስነክስ፣ በአፌ መውጣት የነበረበት በዓይኔ ወረደ። ሰባተኛው ሲጀምር የሜሮንን ድምፅ ሰማሁ፤ ስለ አንድ በር መከፈት ትላለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው። ግንባሬ መሪው ላይ ነው፤ ደግነቱ ጡሩንባው ከሞተ ቆይቷል። ጉንጬ ርሷል።

«ሰውዬው እያለቀሰ ነው» አለ ጆሽ በሹክሹክታ።

ሜሮን እጄን ያዘችኝ። የእሷም ዓይን እንባ ሞልቷል።

በዚህ ሰዓት «ተኝቼ ነበር» የሚል ሀበሻ ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። ሲጨንቀኝ የማውቀው አንድ ነገር መመረቅ ነው። ሁለት እጄን ዘረጋሁና «ከፍ በሉ! ድምፃችሁ ዳር እስከ ዳር ይሰማ! ክፉ አይንካችሁ!» አልኩ። ሜሮን «አሜን» አለች። ከኋላ ያሉትም ምን እንደተባለ ሳያውቁ አሜን አሉ።

ጆሽ «ኦኬ፣ ይግባ» አለ።

ሲዲው ሲወጣ ሽፋኑ ውስጥ «ላለቀሰው ጋሼ» የሚል ምስጋና ታተመበት። ያላሳየሁት ሀበሻ ቢኖር ገና ከአውሮፕላን ያልወረደው ነው።

ከዚያ አንድ እሁድ ምሳ እየበላን፣ «ጋሼ፣ ስለ አንተ መሆኑን የቱ ጋ ነው ያወቅከው?» አለችኝ።

መልስ እንዳልሰጥ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ ጎረስኩ። እሷው ቀጠለች። ለካ ዘፈኑ በር ከፍቶ ገብቶ ከነጫማው ስለሚተኛ ሰው ነው። የምትዘፍነው፣ ሳይነቃ ጫማውን ቀስ ብላ የምታወልቅለት ትንሽ ልጅ ናት። እኔ ደግሞ ጠዋት ጫማዬን ከሶፋው ሥር ተደርድሮ ሳገኘው፣ በዚያ ሁሉ ድካም ሥርዓቴን አለመርሳቴ ይገርመኝ ነበር።

«ከመጀመሪያው ነው ያወቅኩት» አልኳት።

ዋሽቻለሁ። አሁን ሁለተኛውን ሥራ ትቼዋለሁ፤ ድካሙ ግን እኔን አልተወኝም። ሲዲውን ብዙ ጊዜ እከፍተዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ካነበበች ትወቀው፦ ያን ቀን አላለቀስኩም። ዘፈኗንም እስከ ዛሬ ጨርሼ ሰምቼው አላውቅም። በሩ ሲከፈት እተኛለሁ። ከነጫማዬ።