ትንሽ የመታ ያሸንፋል

አባቴን ስትሮክ ሲመታው ዶክተሩ ሦስት ነገር ከለከለው፤ ጨው፣ ንዴትና ኳስ። ጨዉን እኔ ደበቅኩት። ንዴት የዕድሜ ልክ ጓደኛው ስለነበር በየቀኑ ብቅ ማለቱን አልተወም። የከበደው ኳስ ነው። የሚደግፈው ቡድን ጎል ሲገባበት የሶፋውን ክንድ በቡጢ ሲደልቅ የኖረ ሰው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግድግዳ እያየህ ዋል ተባለ። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ስላለው ሪሞቱን በግራው ይዞ ቻናል ሲቀያይር ሰነበተና አንድ ቀን ጎልፍ ላይ ቆመ።

«ይሄስ ኳስ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«ነው። ግን ማንም አይጮህም» አለ። ምላሱ ስለከበደው ቃል በቃል እየለየ ነበር የሚናገረው።

እውነቱን ነው። ጨዋታውን የሚተርከው ሰውዬ ራሱ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። አንዱ ዱላውን ሲያነሳ ያ ሁሉ ተመልካች ትንፋሹን ይውጣል፤ ኳሷ ከሄደች በኋላ ሁሉም ቀስ ብሎ በእግሩ ይከተላታል። ለደም ግፊት ከዚህ የተሻለ ጨዋታ ማን ይፈጥራል? አባቴ ወደደው። «ይሄን ሁሉ ሣር፣ አንድ ከብት እንኳ የለበትም» እያለ ይገረም ነበር።

አባቴ እዚሁ አዳማ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪና ዩኒት ሊደር ነበር። ዩኒት ሊደር ማለት በእኛ ጊዜ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ጎማ ይዞ የሚቆም ሰው ማለት ነው። ጎማው ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ነው፤ ያረፈደ መዳፉን ይዘረጋል። በዚህ ከተማ ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈ ሰው ሁሉ አባቴ መዳፉን ያሞቀለት ይመስለኛል። አብሬው መንገድ ስሄድ ባጃጁ ገና ከሩቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «አከም ጅርቱ ባርሲሳ» ይለዋል፤ ጤናውን በኦሮምኛ ጠይቆ ሳይጨርስ በአማርኛ ወደ ተሳፋሪዎቹ ይዞርና «እኚህ ሰውዬ እኮ አቃጥለውኛል» ብሎ ይስቃል። ባንክ ስንገባ ከረባት ያሰረ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ «ጋሼ፣ ያኔ ባይመቱኝ እዚህ አልደርስም ነበር» ይለዋል። አባቴ ፈገግ ይላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ አልረሱም፣ ግን በሳቅ ነው የሚያስታውሱት።

ያልሳቀው ወንድሜ ብቻ ነው።

ታናሼ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ትንሽ ነበር። አባቴ ሁለት ልጅ ብቻውን ማሳደግ ሲጀምር ሌላ ዘዴ ስላላወቀ የትምህርት ቤቱን ጎማ ቤት ይዞ ገባ። እኔ ብልጥ ነበርኩ። እጁ ገና ሳይነሳ ጎረቤት እስኪሰማ እጮሃለሁ፤ አፍሮ ይተወኛል። ወንድሜ ግን አያለቅስም። ጥርሱን ነክሶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ያያል። «አልቅስና ይብቃህ» ይለዋል አባቴ። እሱ አያለቅስም፤ ስለዚህ አይበቃውም። እኔ በሁለቱም እናደድ ነበር፣ በአንዱ ስለመምታቱ፣ በሌላው አንዲት እንባ ጠብ አድርጎ ስላለመገላገሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰ ሰሞን ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ ወጣ።

የሄደው ሩቅ አይደለም። ዱከም አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። ዱከም ሰው ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስበት አገር ነው። ከእኔ ጋር በስልክ እናወራለን፤ መልካሳ እኔ የምሠራበት የዘር ምርምር ድረስ መጥቶም ምሳ ይጋብዘኛል። ቤት ግን አይገባም። አባቴን ስትሮክ የመታው ጊዜ ሆስፒታል መጥቶ፣ አባቴ ራሱን በማያውቅባቸው ቀናት ሁሉ ከአልጋው አጠገብ አልተለየም። አባቴ ዓይኑን የገለጠ ዕለት ሄደ።

ስትሮኩ የያዘው አባቴ ሲመታበት የኖረውን ቀኝ እጁን ነው። አንዲት ጎረቤታችን ይህን አይታ «እግዜር ሥራውን ያውቃል» አለች። ለብዙ ጊዜ ሰላምታ ነፈግኳት።

አባቴ ወንድሜን አንስቶ አያወራም። ግን ውጭ በር በተንኳኳ ቁጥር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሳል። እኔ በዚያ ክረምት ከፈጣሪ የምለምነው አንድ ነገር ነበር፤ አባቴ ሳይሞት ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጡ። እርቁ ቢቀር እንኳ፣ መቀመጡ ይበቃኝ ነበር።

ጎልፉ ግን አባቴን ግራ አጋባው። ስማቸው በተደረደረበት ሰሌዳ ላይ በአንዳንዱ ሰው ስም አጠገብ ማይነስ፣ በሌላው ፕላስ ተጽፏል። የሒሳብ አስተማሪ ነውና ማይነስ ያለበት ከዜሮ በታች የወረደ ሰነፍ ተማሪ መሰለው። አዘነላቸው። በጣም የወረደውን መርጦ «አይዞህ» ሲለው ይውላል። ማታ ላይ ዋንጫውን ያነሳው ያ ያዘነለት ሰውዬ ሆነ። «ይሄ ሌብነት ነው» አለና ተቆጣ፤ እኔ ስለ ደም ግፊቱ ተጨነቅኩ።

«ደግሞ በየደቂቃው ስትሮክ፣ ስትሮክ ይላሉ» አለኝ። «ይሄ ሁሉ ጤነኛ የሚመስል ሰው ስትሮክ መቶት ነው?»

እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ ከሥሩ ግን ተስፋ ነበረበት። ስትሮክ የመታው ሰው እንዲያ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ እሱስ? እኔም መልሱን ስለማላውቅ በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወንድሜ ጋ ደወልኩ። የፋብሪካው አለቆች የውጭ ሰዎች ስለሆኑ እንዲህ ያለውን ነገር እሱ ያውቃል።

ሳቀ። ስለ አባቴ አውርተን ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። «ስትሮክ ማለት እዚያ ላይ ምት ማለት ነው» አለኝ። «ኳሷን በመታት ቁጥር ይቆጠርበታል። ትንሽ የመታ ያሸንፋል፣ ብዙ የመታ ይሸነፋል። ማይነሱ ጥሩ ነው በይው።»

«ራስህ ንገረው» አልኩት።

«አንቺ ንገሪው» አለ።

ማታ ነገርኩት። አባቴ ሪሞቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ማነው ያለው?»

«እሱ ነው።»

«እስቲ እንዳለው አድርገሽ ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት። ትንሽ የመታ ያሸንፋል፣ ብዙ የመታ ይሸነፋል። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው እኔም የሰማሁት፤ ስልክ ላይ ስለ ኳስ የነበረው ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ኳስ አልነበረም። አባቴ የማይታዘዘውን እጁን በደህናው አንስቶ ጭኑ ላይ አመቻቸው። «ገብቶኛል» አለ። ቴሌቪዥኑን አጠፋና እራት ሳይበላ ተኛ። ወንድሜ ሆን ብሎ ይበለው አይበለው አላውቅም ነበር። ለመጠየቅ ደግሞ ፈራሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ስሯሯጥ አባቴ ጠራኝ። «ያ ትልቁ ዋንጫ እሁድ ያልቃል» አለኝ። «ና፣ አብረን እንይ ብሎሃል በይው።»

ሰርቪሱ አመለጠኝ። መንገድ ዳር ቆሜ ደወልኩ። ወንድሜ «እመጣለሁ» አለ።

እሁድ ዝናብ ነበር። አባቴ ጺሙን እንድላጨው ጠየቀኝ፤ ድሮ የወላጆች ቀን ሲሆን የሚለብሳትን ግራጫ ኮት አስወጥቶ ለበሰ። ድንች በሥጋ ሠራሁ፣ ወንድሜ ከልጅነቱ ይወደዋል። አባቴ ከራሱ ወንበር አጠገብ ሌላ ወንበር እንዳስቀምጥ አዘዘኝ፤ ቀረብ አድርጊው አለኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ ትንሽ ራቅ አድርጊው አለኝ።

ጨዋታው ነፋስ በሚበዛበት ባሕር ዳር ነው። ያለፉትን ሦስት ቀናት ሲመራ የሰነበተው ፈገግታ የማይለየው ወጣት ነበር። አባቴ ግን ያን ዕለት ጠዋት በብዙ ምት ወደኋላ ቀርቶ የጀመረውን፣ ጸጉሩ የሸበተውን ሰውዬ መረጠ። «አባዬ ኋላ ያለውን ሰውዬ ይዟል፣ ቶሎ ና» ብዬ ለወንድሜ ቴክስት ላክሁለት። አልመለሰም።

ሰውዬው ዝም ብሎ ይጫወታል። ይመታል፣ ይሄዳል፣ ይመታል። የወጣቱ ኳስ አሸዋ የሞላበት ጉድጓድ ውስጥ ተቀረቀረች። መታ፤ ኳሷ አልወጣችም። ደግሞ መታ፤ ተመልሳ እግሩ ሥር ወደቀች። ፊቱ ቀላ። «ተው ልጄ፣ በንዴት አትምታ» አለው አባቴ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው። ቁጥሩ ተጨመረበት፤ ሽበታሙ ሰውዬ በሰሌዳው ላይ ወደ ላይ ወጣ።

ከአስፋልቱ የሚኒባስ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አባቴ ቴሌቪዥኑን ይቀንሳል። ረዳቱ ይጮሃል፣ በሩ ይዘጋል፣ መኪናው ይሄዳል። አባቴ ድምፁን መልሶ ይጨምራል። «ይደርሳል» ይላል። ወንድሜን ማለቱ ይሁን ሽበታሙን ሰውዬ አልጠየቅኩትም። መሸ። ጓዳ ገብቼ ደወልኩ፤ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ደግሜ ስደውል ደንበኛው ሊገኙ አልቻሉም የምትለዋ ሴትዮ አነሳችው። ሴትዮዋን ሰደብኳት።

ኳሷ መግባት ያለባት የመጨረሻዋ ቀዳዳ ላይ ሽበታሙ ሰውዬ ኳሷን ከሩቅ ቀስ አድርጎ ገፋት። ተንከባለለች፣ ዞር አለች፣ ገባች። ቀኑን ሙሉ ሲያንሾካሹክ የዋለው ሕዝብ ጮኸ። እኔም ሳላስበው ተነሳሁ። አባቴ ግን ዶክተሩ እንዳዘዘው ጸጥ ብሎ ተቀምጧል።

«ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው» አለ። ከዚያ ባዶውን ወንበር አየ። «እኔ ብዙ መትቻለሁ» አለኝ። «ተሸንፌያለሁ። ሲመጣ ራሴ እነግረዋለሁ። ካልሆነልኝ ግን አንቺ ንገሪው።»

ኮቱን ሳያወልቅ ብዙ ቆየ። ድንቹን እኔም አልበላሁት።

በማግስቱ ወንድሜ ሥራ ያዘኝ፣ በሚቀጥለው እሁድ እመጣለሁ ብሎ ቴክስት ላከ። ለአባቴ አነበብኩለት። «እሺ» አለ። ረቡዕ ዕለት ስትሮክ ደገመው፤ ሆስፒታል ሳንደርስ አረፈ። ወንድሜ የደረሰው ለሬሳው ነው።

ድንኳኑ በተማሪዎቹ ሞላ። ባጃጅ ነጂው፣ ባንከሩ፣ ሁሉም መዳፉን እየዘረጋ የት የት እንደተመታ ያወራል፤ ይስቃሉ፣ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አንዱ ወደ ወንድሜ ዞረና «አንተ እንኳ ቤታቸው እያደርክ ስንቱን ቀምሰሃል» አለው። ወንድሜ ዓይኑን መዳፉ ላይ ወዳለው ንፍሮ መለሰ። ተነስቼ እጁን ያዝኩና ከድንኳኑ ጀርባ ወሰድኩት። ያን እሁድ አባቴ እንዳለው አድርጌ፣ ምንም ሳልጨምር ነገርኩት።

«ለምን እንዲህ አለ?» አለኝ።

«አንተ ላክህበት እኮ። ትንሽ የመታ ያሸንፋል ብለህ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «እኔ የነገርኩሽ የጨዋታውን ሕግ ነው» አለ። «በስመአብ፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም።»

አመንኩት። አባቴ ማንም ያልፈረደበትን ፍርድ ተቀብሎ ነው የሞተው። ለማን እንደማዝን ግራ ገባኝ።

ወንድሜ የድንኳኑን ገመድ ይዞ መሬት መሬት ያይ ነበር። «ያን እሁድ ሥራ አልነበረኝም» አለ። «ሞጆ ድረስ መጥቼ ነበር። ሞጆ ላይ ወረድኩና ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ ወደ ዱከም የሚመለሰውን መኪና ያዝኩ።» ቀና አለ። «ያ ኋላ የነበረው ሰውዬ አሸነፈ?»

«አሸነፈ።»

«አባዬ አየው?»

አባዬ ካለ ስንት ዘመኑ ነው። «አየው» አልኩት።

ያኔ አለቀሰ። እኔ በልጅነቴ እንደማደርገው፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮኾ አለቀሰ። ድንኳኑ ውስጥ ሳቁ ቆመ። «አልቅስ» አልኩት አንገቱን አቅፌ። «ይብቃህ» የሚለውን ግን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።