ምሥራቅና የነሐሴ ፀሐይ

ከዘንገና ሐይቅ ከፍ ብላ ባለችው መንደር ምሥራቅን የማያውቅ የለም። ቁመቷ አጠር፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ፣ እጇ ለመስጠት የተፈጠረ ሴት ናት። አንድ ነገር ግን እግዜር ሲፈጥራት ረስቶባታል፤ «አይሆንም» የምትለዋን ቃል። ወንፊት የሚዋሰው፣ እርሾ የሚለምነው፣ ልጅ የሚያስጠብቀው ሁሉ መጀመሪያ የሚጣራው ከእሷ ደጅ ነው። ባሏ አየነው «አንቺ እኮ ሌባ ቢመጣ መሰላል የምታውሺ ሴት ነሽ» ይላታል። አልዋሸም። ደጅ ድረስ የመጣን ሰው ባዶ እጁን መመለስ በእነሱ ሰፈር ነውር ነው፤ ምሥራቅ ደግሞ ነውርን ከጅብ አብልጣ ትፈራለች። ጉድ የሠራትም ይኸው ይሉኝታዋ ነው።

ነገሩ የጀመረው ዳንግላ ነው። እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ አንድ ዶሮ አርቢ ቤት የጫጩት መፈልፈያ ማሽን አየች። ሣጥን ነገር ነው። በመስታወቱ ስታጮልቅ እንቁላሉ ተሰንጥቆ ጫጩት ብቅ አለ። እናት የለ፣ ክንፍ የለ፣ ሙቀት ብቻ! አፏን ከፍታ ቀረች። በእሷ መንደር ከሚፈለፈለው ጫጩት ግማሹን ጭልፊት፣ ግማሹን ብርድ ነው የሚጨርሰው። «ይሄ ነገር እኛ ሰፈር ቢኖር የትኛዋ ሴት የባሏን ኪስ ታያለች?» እያለች ተመለሰች፤ ሚኒባሱ ውስጥ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ስታወራ ነው የመጣችው።

ማሽኑን ገዝታ አመጣች፤ ችግሩ መብራት ነበር። ምሰሶው ከእንጅባራ ተነስቶ በአስፋልቱ ዳር ዳር ይመጣና የእነሱ መንደር መታጠፊያ ላይ ሲደርስ እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ ያለው መላ ሶላር ነው። እንጅባራ ውስጥ ሶላር የሚገጥም ደርበው የሚባል ጨዋ ባለሙያ አለ። ቤቷ ድረስ መጥቶ ጣሪያውን አየና ጠየቃት።

«ማሽኑን አወቅሁ እትዬ ምሥራቅ። ሌላስ? ስንት አምፖል፣ ስንት ስልክ አላችሁ?»

«ሦስት አምፖል። ስልክ ሁለት ነው፤ የእኔና የአየነው።»

እውነቷን ነው፣ ያላቸው ሁለት ስልክ ነው። ደርበውም በተነገረው ልክ አቅዶ ገጠመላት፤ አንድ ፓኔል፣ አንድ ባትሪ፣ የባትሪውን ጉልበት ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ አንድ ኢንቨርተር። ሁለቱም ጎረቤትን አልቆጠሩም። ደርበው የከተማ ሰው ስለሆነ አላሰበውም፤ ምሥራቅ ደግሞ ደጇ የሚመጣ ሰው የሚቆጠር ነገር መሆኑን ከነጭራሹ አታውቅም።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። በጾም እንቁላል የሚበላ የለም፤ ሴቶቹ እያጠራቀሙ ለፋሲካ ገበያ ያወጡታል። ምሥራቅ ቤት ለቤት ዞረች። «ገበያ አታውጡት፣ ለእኔ ስጡኝ። ከሚፈለፈለው እኩሌታው የእናንተ ነው፤ ቃሌ ነው!» አለች። ቃሏን የሚጠራጠር ስላልነበረ ሰጧት። ከሁሉ አብልጣ የሰጠቻት አጥር ተጋሪዋ ካሳነሽ ናት፤ ምላሷ እንደ በርበሬ የሚፋጅ፣ ልቧ ግን ደህና የሆነች ሴት።

ሰሙነ ሕማማት ሲገባ መንደሩ ስልኩን እየያዘ መጣ። ለፋሲካ ከጫግኒ ወይ ከባሕር ዳር የሚደውል ልጅ የሌለው ማን አለ? «ምሥራቅዬ፣ ለአፍታ ብቻ» ይላሉ። «ኧረ ግቡ!» ትላለች። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ስልክ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን መሰለ። ፀጉር ቆራጩ አበረ ደግሞ ወንበሩን ተሸክሞ መጥቶ ግቢዋ ውስጥ ሱቅ ከፈተ፤ መቁረጫውን ሰክቶ መንደርተኛውን ለበዓል ሲላጭ ዋለ። ኢንቨርተሩ ባትሪው እያለቀ መሆኑን ሊነግራት ጢጥ ጢጥ እያለ ሲለምናት ምሥራቅ «ይሄ ደግሞ ምን ነካው!» ብላ ጨርቅ ጣል አደረገችበት። አይ ምሥራቅ!

በፋሲካ ማግስት ጠዋት ማሽኑን ስትከፍት እጇን የሐይቅ ውሃ ውስጥ የነከረችው መሰላት። አንዱን እንቁላል ሰበረችው፤ ላባ ያወጣ ጫጩት ሞቶ ተኝቷል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ለእንቁላሉ ሳይሆን ለቃሏ ነው ያለቀሰችው። በማግስቱ ደግሞ የካሳነሽ ምላስ ተነሣ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብታችንን ጣለችው! እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምተን ነበር፤ የምሥራቅ እንቁላል በቃሬዛ ሄደ!» አለች። መንደሩ ሳቀ። ምሥራቅም ከሰው ጋር ለመሳቅ ሞክራ አቃታት፤ ገበያ መውጣት እንኳን አስጠላት።

ሊያጽናኗት ከመጡት አንዱ አባ ይኸነው ነበሩ። አባ ይኸነው የውሃ አባት ናቸው፤ ወንዙን በጠለፉበት ቦይ የመስኖውን ተራ የሚያስጠብቁ፣ ወንድማቸውንም ቢሆን ያለ ተራው የማያጠጡ ሽማግሌ። ሲናደዱ አገውኛ ብቻ ነው የሚናገሩት። ገብተው እንደተቀመጡ ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ሁሉ ሐዘን በኋላም ስልኩ ተንጠልጥሏል።

«የማን ነው ይሄ ሁሉ?»

«የጎረቤት ነው አባ።»

«ተራውን የሚያስይዘው ማነው?»

«ተራ? ምን ተራ አለው? የመጣ ይሰካል።»

አባ ይኸነው አገውኛቸውን አወረዱት። ሲበርድላቸው ወደ አማርኛ ተመለሱ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ውሃ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ በአካፋ ትፈላለጡ ነበር! ከሰማይ ስለመጣ አያልቅም ያላችሁ ማነው? ደግሞስ መቼ ለካችሁት?»

«በየካቲት ነው። ፀሐዩ እሳት ነበር።»

«እሱ ነው ጥፋቱ። ቦዩን ስናወጣ ውሃው የሚለካው በመጋቢት ነው፣ ክር ሲያህል። በመጋቢት የደረሰ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ይደርሳል። የአንቺን ፀሐይ ደግሞ በነሐሴ ለኪው።»

ምሥራቅ ያን ቀን እራቷን በላች፤ እንቁላሉ ከሞተባት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ደርበው እንደገና ተጠራ። ምሥራቅ ሰፌድ ላይ ባቄላ ይዛ ጠበቀችው። «ይሄ ትልቁ ክምር ማሽኑ ነው። እነዚህ ሦስቱ አምፖሎቹ። ይሄ ደግሞ ስልኩ» ብላ በሁለት እጇ የታፈሰ ባቄላ ዘረገፈችለት። ደርበው ደነገጠ።

«እትዬ ምሥራቅ፣ ይሄ ቤት ነው ቀበሌ?»

«ቤት ነው። እኛ ጋ ቤት ማለት እንዲህ ነው።»

ደርበው ሳቀ፤ ከዚያ ራሱን እያከከ «ያኔ መጠየቅ የነበረብኝ ስንት ስልክ አላችሁ ሳይሆን ደጃችሁ ስንት ሰው ይመጣል ብዬ ነበር» አለ። ሁለቱም ሰፌዱ ላይ አቀርቅረው ዋሉ። ፓኔሉ ሁለት ይሁን፤ ባትሪው ጉም አገር ይዞ ቢከርም የሚችል ትልቅ ይሁን፤ የጎረቤት ስልክ ባትሪው ጠግቦ ፀሐይ ስትተርፍ ብቻ ይሰካ። ማሽኑ ደግሞ በገብስ ጭድና በቀርከሃ ምንጣፍ ይጀቦን፣ ሙቀት ከማምረት ማቆየት ይቀላልና። ደርበው ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ አንድ ነገር ጨመረ። «እነዚያ ዛፎች ከሰዓት በኋላ ጥላቸውን ፓኔሉ ላይ ይጥላሉ። ገና ያድጋሉም።»

እዚህ ላይ አየነው ብድግ አለ። ዛፎቹ ለከሰል የተከላቸው ዲከረንስ ናቸው፤ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወድደው እነሱን ነው፣ አንዳንዴም ከእሷ አስቀድሞ። «ዛፎቼንማ አትነኩም! ገና አልደረሱም። አንድ ዓመት ይቆዩልኝ» አለ።

«አይሆንም» አለች ምሥራቅ።

አየነው ከተጋቡ ጀምሮ ይህችን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። አያትና «ምን አልሽ?» አላት። «አይሆንም አልኩህ» ብላ ደገመችለት፤ ራሷም ደንግጣለች። አየነው ቆሞ አሰበ፣ አሰበና መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ዛፎቹ ከሰል ሆነው ተሸጡ፤ ሁለተኛው ፓኔልና ትልቁ ባትሪም የመጣው ከእነሱ ነው።

የቀረው እንቁላል ነው። ሴቶቹ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነ ነገራቸው። የፍልሰታ ጾም ገብቶ እንቁላል በየቤቱ ቢጠራቀምም የሚሰጣት ጠፋ። ይሄኔ አባ ይኸነው ለማርያም ክብር የተሰበሰበው ሰው መሀል ተነሥተው «ዋሷ እኔ ነኝ» አሉ። «ውሃችሁን እንዳጠጣኋችሁ ፀሐዩንም ተራ አስይዛለሁ። ስልክ የሚሰካው እኔ ስል ብቻ ነው። የእኔ ስልክ መጨረሻ ይሰካል፤ የውሃ አባት መጨረሻ ነው የሚጠጣው።» ምሥራቅም ቆመች። «እንቁላሉ ዛሬም ከሞተ ፓኔሉን አውርጄ ሸጬ የሁላችሁን እከፍላለሁ። ከዚያ በኋላ ምሥራቅ ቃል ሰጠች የሚባል ነገር አትሰሙም» አለች። ሴቶቹ ተያዩ፤ በየተራ አመጡላት። ካሳነሽ ብቻ «እኔ የለሁበትም» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

እንቁላሉ ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበር። ከዚያ ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ መንደሩ ላይ ተኛ። ላም ከበረት ወጥታ ጅራቷን የማታይበት የነሐሴ ጉም! አባ ይኸነው «ቦዩ ተዘግቷል» ብለው አወጁ፤ ስልኩ ሁሉ ከግድግዳው ወረደ፤ የእሳቸውም ጭምር። አበረ ወንበሩን ተሸክሞ ብቅ ሲል ከሩቁ በዱላ ጠቁመው መለሱት። ኢንቨርተሩ ላይ የባትሪውን ጉልበት የምታሳየው መብራት ግን ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ዞረች፤ ምሥራቅም ከማሽኑ አልለይ አለች።

አዲስ ዓመት ሲቃረብ፣ አባ ይኸነው ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት፣ ካሳነሽ መጣች። ስልኳን በእጇ ይዛለች።

«ልጄ ሕይወት ከጫግኒ ትደውልልኛለች። ድምፅዋን ልስማ። ጥቂት ብቻ ሰክተሽ መልሺልኝ።»

ምሥራቅ የስልኩን ገመድ አየችው፤ የኢንቨርተሩን ቢጫ መብራት አየችው። እንቁላሏን የገደለችባት ሴት ናት፣ ጎረቤቷ ናት፣ እናት ናት። እንቢ ብላ የምትመልሳት ደግሞ ከገዛ ደጇ ነው።

«አይሆንም እቴ ካሳነሽ» አለች። «የሰው እንቁላል ነው። አይሆንም።» ከዚያ ጉያዋ ውስጥ እጇን ከትታ የራሷን ስልክ አወጣች። «ይሄ ትንሽ ነፍስ አለው። ሲም ካርድሽን አስገቢበትና ልጅሽን አውሪያት፤ እስኪያልቅ ድረስ ያንቺ ነው።»

ካሳነሽ ስልኩን ተቀበለች። አፏን ከፍታ ዘጋችው፤ ይሄም በመንደሩ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ሲም ካርዷን እየነቀለች ወጣች።

በጳጉሜን አንድ ቀን ጠዋት፣ ጉሙ ገና ጣሪያው ላይ እንደተኛ፣ ከሣጥኑ ውስጥ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ተሰማ። ምሥራቅ ጭዱን ገለጥ አድርጋ በመስታወቱ አየች። አንዱ ቅርፊቱን ሰብሮ ወጥቷል፤ ሌላው በአፉ ይቆፍራል፤ ከዚያ ወዲያ፣ ከዚህ ወዲህ፣ ሣጥኑ ሁሉ ይተራመሳል። «አየነው! ኧረ አየነው ድረስ!» ብላ ጮኸች። አየነው እሳት የተነሣ መስሎት ውሃ ይዞ ደረሰ። እልልታው ከቤት ቤት ተቀባበለ፤ ሴቶቹ በጭቃው ውስጥ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መጡ። አባ ይኸነው ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩና በአገውኛ መረቁ። ሲደሰቱም አገውኛ እንደሚናገሩ ያን ቀን ታወቀ። ፀሐይ ገና አልወጣችም ነበር፤ ቢጫዋ መብራትም እንደበራች ናት።

ምሥራቅ እየሳቀችም እያለቀሰችም ጫጩቶቹን በየድርሻቸው ስታከፋፍል ደጁ ላይ አንድ ሰው ቆመ። ካሳነሽ ናት። በአንድ እጇ የምሥራቅን ስልክ ይዛለች፤ በሌላው በገለባ የተሞላ ቅርጫት አቅፋለች። ገለባው ውስጥ እንቁላል ይታያል። ሴቶቹ የምትለውን ጠበቁ። ካሳነሽ ግን እንደ ወትሮዋ በማንም ላይ አላፌዘችም፤ አባ ይኸነውንና የተሰበሰበውን ሰው ዞር ዞር ብላ አየችና ጠየቀች።

«ተራው ከየት ነው የሚጀምረው?»