ሬዲዮ ያከፋፈለው ስኳር

ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ «የሸማቾች ማኅበሩ አባላት በአመራሩ መደሰታቸውን ገለጹ» ሲል ሻዩ ትን አለኝ። እኔም አባል ነኝ፤ ማን ጠየቀኝ?

ደሜ ፈላ! የድሮው ትዝ አለኝ፤ በደርግ ጊዜ ከእናቴ ጋር አዋሳ ፒያሳ፣ ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን፣ ለአራስ እህቴ አጥሚት የሚሆን ስኳር ስንጠብቅ፣ ሬዲዮው «ለአዋሳ ነዋሪ ስኳር በበቂ ሁኔታ ተከፋፈለ» አለ።

ስኳሩንማ የቀበሌው ኮሚቴ ዘመዶች በጓሮ በር ወስደውታል።

እናቴ ባዶ ዘንቢሏን ዘቅዝቃ፣ ሰልፉን ለሚቆጣጠረው የቀበሌው ሊቀመንበር፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እስቲ ሬዲዮው ያከፋፈለውን ያቅምሱን!» አለች። ሰልፈኛው አውካካ።

ሊቀመንበሩ «እትዬ፣ መንግሥት ዋሸ ነው የሚሉት?» ብሎ ከሰልፍ አስወጣት። እህቴ አጥሚቷን ያለ ስኳር ጠጣች።

አለቃውን የሚጠይቅ ከሌለ፣ ሬዲዮውም የአለቃውን ብቻ ካወራ፣ ማኅበሩ የማን ነው?

እናንተስ ያላላችሁትን «ብለዋል» ተብሎ ተነግሮባችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ እስቲ፣ ብቻዬን አልናደድ!