መብራት ሲሄድ የሚከፈተው በር

አባቴ ማለዳ ማለዳ "ፈረቃዬ ደረሰ" እያሉ ከቤት መውጣት ጀመሩ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ሆነው ነው። የመርሳት በሽታው ጡረታ መውጣታቸውንም አስረሳቸው፤ አሁን የሚኖሩት አዳማ፣ እኔ ጋ መሆኑንም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ የባጃጅ ሾፌሮች መናኸሪያ አካባቢ እያገኙ መልሰውልኛል። አንድ ቀን ግን የተገኙት ከባድ መኪኖች በሚከንፉበት የሞጆ መንገድ መሀል ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ከበሩ አልነቅልም ነበር።

ጓጉንቸር ሞከርን። ሲያዩት "ምን ሰርቄ ነው የታሰርኩት?" ብለው አለቀሱ፤ አልቻልኩም፣ አወለቅሁት። ወንድሜ ደግሞ ያየውን ሁሉ የሚገዛ ሰው ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ያየውን የማግኔት መዝጊያ ከነገጣጣሚው ይዞ ከች አለ። መቀርቀሪያ የለው፣ ቁልፍ የለው። መቃኑ ላይ ረዘም ያለ የብረት ሳጥን፣ በሩ ላይ ጠፍጣፋ ብረት፣ በቃ። እኛ ስንወጣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለችውን ማጥፊያ እንጫናለን። መብራት ሲሄድ የሚይዘውን ባትሪ ገጣጣሚው "ሰሞኑን ይገባል፣ አመጣለሁ" ብሎ ሄደ። የአገራችን ሰሞኑን ደግሞ ይታወቃል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ነገር ካልገባኝ እጄ ሥራ አይዝም። በሩን በሁለት እጄ ሳብኩት፣ እግሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌም ሳብኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ማጥፊያውን ስጫን ደግሞ በጣቴ ተከፈተ።

"ምንድን ነው የያዘው?" አልኩ ለራሴ።

"ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሽቦ ነዋ፣ እህቴ" አሉ አባቴ ከወንበራቸው። ልጃቸው መሆኔን ከረሱ ቆይተዋል።

ሚስማርና የራዲዮ ድንጋይ አምጪ አሉኝ። ከድሮ የዕቃ ሳጥናቸው ቀጭን የሞተር ሽቦ አወጡና ሚስማሩ ላይ ይጠመጥሙ ጀመር። ሸሚዛቸውን መቆለፍ የሚያቅታቸው ጣቶች እኮ ናቸው! አንዱ ዙር በአንዱ ላይ ሳይወጣ፣ ሥርዓት ይዞ ተደረደረ። የሽቦውን ሁለት ጫፎች ብቻ በቢላ ፋቁ።

"ሁሉንም ብንፍቀውስ?" አልኩ።

"ሽቦው የተቀባው ቫርኒሽ ከተነሣማ ኮረንቲው በአቋራጭ ያልፋል፤ መዞሩን ይተዋል። እኛ የምንፈልገው እንዲዞር ነው። ኮረንቲ ያለፈበት ሽቦ ሁሉ ዙሪያውን ማግኔት አለው፤ ግን ትንሽ ነው። ስትጠመጥሚው ይደማመራል፤ መሀሉ ብረት ስትከቺ ይጎለብታል።"

ጫፎቹን ድንጋዩ ላይ ሲያደርጉ የስፌት ስፒሎቼ ከጠረጴዛው ተነሥተው ሚስማሩ ላይ ተንጠለጠሉ። እንደ ልጅ ጮኽኩ። ሲያላቅቁት ረገፉ። ዙሩን ብንጨምር? ጨመርን፤ ብዙ አነሣ። ሚስማሩን ከመሀል አውጥተን ሽቦውን ብቻ ብናስቀርስ? አንድም አላነሣም። ሽቦው እየጋለ ጣቴን ሲፈጀኝ "ድንጋዩን ጨረስሽው፣ ተይው" ብለው ተቆጡ። ወጣት ሳለሁ የሚቆጡኝ ቁጣ ነበር። ደስ አለኝ፤ ጓዳ ገብቼም አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰላም አገኘን። መዝጊያው ሳይታይ በሩን ያዘ፤ አባቴም ሲስቡት እንቢ ካላቸው "ፈረቃዬ ገና ነው መሰለኝ" ብለው ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓዳ ሆኜ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ስሰፋ ማሽኔ ድንገት ቆመ። መብራት ሄዷል። ቀሚሱን አንሥቼ ላጥፈው ስል ነው በሩ ትዝ ያለኝ፤ መብራት ከሌለ ኮረንቲ የለም፣ ኮረንቲ ከሌለ ማግኔት የለም። ቀሚሱን ጥዬ፣ በባዶ እግሬ፣ መንገዱና መኪኖቹ ዓይኔ ላይ እየመጡ ሮጥኩ።

አባቴ በሩ ላይ ነበሩ። ጀርባቸውን ለጥፈው፣ እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ባለ በሌለ ኃይላቸው ይገፉታል። ላብ በላብ ሆነዋል።

"አባባ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ቀስ በይ፣ እህቴ" አሉ እያለከለኩ። "መብራት ሲሄድ ይሄ ነገር አይዝም። እዚህ ቤት ደግሞ እየወጣ የሚጠፋ ሽማግሌ አለ። ልጁ በሱ ነገር እንቅልፍ የላትም። መብራቱ እስኪመጣ ድረስ በሩን ልያዝላት ብዬ ነው።"

ጎናቸው ሄድኩና እኔም ጀርባዬን በሩ ላይ አደረግሁ።