እኔ ብቻ ቢጫ የሆንኩበት ፎቶግራፍ

ሰሞኑን የሙሽሮች ሁሉ ፋሽን አንድ ሆኗል። ጁባ ታውን ገበያው ጥግ ባለችው ፎቶ ቤቴ፣ ጄኔሬተሩ ከጓሮ እያጓራ፣ ሙሽራና ሙሽሪት ወንበር ስበው ከጎኔ ይቀመጡና «ሁሉም ጥቁርና ነጭ ይሁን፤ አበባው ብቻ ቀይ ይሁንልን» ይሉኛል። ሥራው ቀላል ነው። ፎቶውን በሙሉ ቀለም አስለቅቀዋለሁ፤ ከዚያ እቅፍ አበባው ላይ ብቻ ቀለሙን መልሼ አመጣዋለሁ። እነሱም ተአምር እንዳየ ሰው «ዋው!» ይላሉ፤ እኔም የተራቀቅኩ ባለሙያ መስዬ ዋጋውን እነግራቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት እንደ እኔው ኢትዮጵያ ያደገች ሙሽራ መጣችና «እህቴ፣ አበባውን ተይው። ይቺን ልጅ ብቻ በቀለም አድርጊልኝ» አለችኝ። ጣቷን ያሳረፈችው ከሚዜዎቹ ፊት በቆመች፣ ቢጫ ቀሚስ በለበሰች አንዲት ትንሽ ልጅ ላይ ነበር። «ሁላችሁንም በቀለም ባደርጋችሁ አይሻልም?» ብዬ ለመንኳት። «ለምን?» አለችኝ፤ ኮምፒውተሩ ደክሟል፣ ነገ ተመለሺ ብዬ ሸኘኋት። ኮምፒውተሩ ደህና ነበር። የደከምኩት እኔ ነኝ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ጋምቤላ ነበር፤ እናቴ፣ ወንድሜ ማቢዮርና እኔ። ከባሮ ወንዝ ብዙም የማይርቅ አንድ ክፍል ቤት ነበረን፤ በር ላይ ማንጎ ዛፍ። ማንጎው ሲበስል ጠረኑ ቤታችን ድረስ ይገባል፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ አፋችንና ክንዳችን እስከ ክርናችን ቢጫ ይሆናል። አባቴ ከደቡብ ሱዳን ድንበር ያሻገረን እኔ ገና በእናቴ ጀርባ ላይ ሳለሁ ነው። አሻግሮን ተመለሰ። ከብቶቹም፣ ዘመዶቹም፣ ጦርነቱም እዚያው ነበሩ።

ማቢዮር በአራት ዓመት ስለሚበልጠኝ አባታችንን ያውቀዋል። ማወቁን ደግሞ እንደ ሀብት ይኩራራበታል። አባባ በትከሻው ተሸክሞት ወንዝ መሻገሩን፣ ለበሬው ሲዘፍን ድምፁ ሩቅ መሰማቱን፣ ሲስቅ ራሱን ወደ ኋላ መጣሉን ይነግረኛል። ስንጣላ ደግሞ የሚያመኝን ያውቃል። «አንቺን አያውቅሽም» ይለኛል። «መንገድ ላይ ቢያገኝሽ ሰላም ብሎሽ ነው የሚያልፈው።» ለእናቴ ከስሼው ተገርፎ እንኳ ቃሉ ከውስጤ አይወጣም ነበር። ብይ ስጫወትም፣ ውሃ ስቀዳም፣ የማላውቀው ረጅም ሰው ሁሉ አባቴ ይሁን አይሁን እያልኩ አንጋጥጬ አየው ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የእናቴ አጎት ልጅ ማጆክ ወደ አባቴ አገር ሊሻገር ተነሣ። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ አባቴም እንደዚሁ። ስለዚህ መልእክቱ ሁለት ነገር ሆነ፦ ማጆክ በቃሉ የሚይዘው ወሬና አንድ ፎቶግራፍ። ወሬውን እናቴ ደጋግማ አስጠናችው። ሁላችንም ደህና ነን። ማቢዮር በቁመት እናቱን ደርሷል። ልጅቷ አማርኛ ታነባለች። ማጆክ በሄደ በመጣ ቁጥር አስቁማ እንደ ተማሪ ታስደግመዋለች።

ፎቶ ቤቱ የጋሽ ከበደ ነበር። ጋሽ ከበደ ከደጋ የመጣ፣ ላቡን በፎጣ ሲጠርግ የሚውል፣ ሰው የሚወድ ሰው ነው። ቤቱ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸት ነበር። ግድግዳው ላይ ፏፏቴና ማንም ጋምቤላ ውስጥ አይቶት የማያውቅ ባለ በረዶ ተራራ ተሥሏል። እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ እኛን ግራና ቀኝ አቁሞ፣ «አትተንፍሱ» አለን። እኔ የለበስኩት ከመታጠብ ብዛት ሰማያዊነቱ የጠፋ ቀሚስ ነበር። ፎቶው ለማን እንደሆነ ሲሰማ ግን ጋሽ ከበደ አዘነልን። «በቀለም እሠራላችኋለሁ፤ የኔ ስጦታ ነው» አለ። ያኔ በከተማው የቀለም ፎቶ የሚያወጣ የለም። ጋሽ ከበደ ጥቁርና ነጩን ፎቶ አጥቦ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ በተጠቀለለ ጥጥ፣ ከትንንሽ ጠርሙሶች ቀለም እየነከረ በእጁ ይቀባ ነበር።

በማግስቱ እናቴና እኔ ልንወስድ ሄድን። ጋሽ ከበደ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ምስጋና ይጠብቃል። እናቴ አጎንብሳ አየችው፤ ቀና ብላ እሱን አየችው። «ይሄ ማነው?» አለች በምትችለው አማርኛ። «ይሄ እኔ አይደለም። ይሄ ሐበሻ ነው።» እውነቷን ነበር። ጋሽ ከበደ ለፊት የሚቀባው ቀለም አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበረው፤ የደገኛ ፊት። እናቴን ጠይም አድርጓታል። ማቢዮርን ከንፈሩን አቅልቶታል፤ ሱሪውን አረንጓዴ አድርጎታል። እኔን ደግሞ ለብሼ የማላውቀውን፣ ደማቅ ቢጫ ቀሚስ አልብሶኛል።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ በዲንካኛ ተናገረች፤ የእሷ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። «ባሌ አያውቀንም በይው። አንድም ሳይቀር ያጥበው። ነገ ጠዋት ማጆክ ይሄዳል፤ እኔ ለስንቁ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ፤ አንቺ እዚህ ጠብቂ።» ይህን ብላ ወጣች። እኔም በትክክል ተረጎምኩ፤ እስከ ግማሽ ድረስ። ጋሽ ከበደ ቅር ቢለውም አልተቆጣም። ፎቶውን ውሃ ውስጥ ነክሮ በጥጥ ቀስ እያለ ያሻሽ ጀመር። የእናቴ ፊት ተመለሰ። የማቢዮር ከንፈር፣ ሱሪውም ለቀቀ። ጥጡ ወደ እኔ ዞረ። አባቴ ፎቶውን ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደሚያውቀው ወደ ማቢዮር እንደሆነ ታየኝ። «ጋሽዬ» አልኩት፣ «እማ የእኔን ቀሚስ አትንካው ብላለች።»

«እንደሱ ብላለች?» አለና ደስ አለው፤ ከድካሙ አንዱ እንኳ ስለተረፈለት። እናቴ ስትመለስ ፎቶው ደርቆ ጠበቃት። ሁላችንም ጥቁርና ነጭ ነን፤ በመካከላችን ቀሚሴ ብቻ እንደ በሰለ ማንጎ ቢጫ ብላለች። «ይሄስ?» አለችኝ። «አይለቅም አለ» አልኳት። ለሁለቱም ዋሸሁ፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ በደንብ አያውቅምና ማንም አልያዘኝም። እናቴ ምላሷን ጠቅ አድርጋ ፎቶውን በነጠላዋ ጠቀለለችው። ማጆክ በማግስቱ ጠዋት ይዞት ሄደ። እኔ ያን ዕለት ትምህርት ቤት ውስጥ አንድም ነገር አልሰማሁም፤ አባቴ ፎቶውን ተቀብሎ «ይቺ ልጅ ማናት?» ሲል ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

መልስ አልመጣም። ዓመታት አለፉ። አባቴ ታሞ መሞቱን እዚያው ጋምቤላ ሳለን ከስደተኞች ሰምተን አለቀስን። በኋላ አዲስ አበባ ገባን፤ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ሥራውን ተማርኩ። አገራችን ነፃ ስትወጣ ማቢዮር አዲስ አበባ ቀርቶ እናቴና እኔ ጁባ መጣን። የአባቴ እህት አቡክ የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ ሸሪካት በሚባል ሰፈር እንደምትኖር ሰማንና ልንጠይቃት ሄድን።

አክስቴ ገበያ ወጥታ ነበር። ግቢው ውስጥ ያገኘናት አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት ናት። በእኛ ዘንድ እንግዳ ውሃ ሳይጠጣ ማንነቱ አይጠየቅም፤ እሷም ሳትጠይቀን ወንበር አውጥታ ውሃ ሰጠችን። የአባቴ ልጅ መሆኗን ነገረችን። ሌላ ሚስት አግብቶ እንደሚሆን እናቴ ድሮም ጠርጥራ ስለነበር አልደነገጠችም። «ስምሽ ማነው ልጄ?» አለቻት።

«አቾል።»

እናቴ ብርጭቆውን ከአፏ መለሰች። በዲንካዎች ዘንድ አቾል ማለት ምትክ ማለት ነው፤ ልጅ ሞቶ ከዚያ በኋላ ለተወለደች ሴት ልጅ የሚወጣ ስም። «ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለች።

«ታላቅ እህቴ» አለች ልጅቷ። «ኢትዮጵያ ውስጥ ነው የሞተችው። ኛንዴንግ ነበር ስሟ።»

ኛንዴንግ እኔ ነኝ። ውሃውን ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ።

አክስቴ ስትደርስ እናቴን አወቀቻት፤ እኔ ማን እንደሆንኩ ሲነገራት ዘምቢሏ ከእጇ ወደቀ። ፊቴን ዳሰሰች፤ ለምርቃት ውሃ ራሴ ላይ ረጨች፤ ደግማ ዳሰሰችኝ። ከዚያ ተቀምጣ ነገረችን። ማጆክ መንገድ ላይ ታሞ ቀርቷል። ፎቶውን ለሌላ መንገደኛ ሰጥቶት ነበርና ፎቶው አባቴ ዘንድ ሲደርስ ብቻውን ነበር፤ እናቴ ያስጠናችው ቃል አብሮት አልመጣም። «እኛ ከብት በመልኩ የምንጠራ ሰዎች ነን» አለች አክስቴ። «መልክ በከንቱ አይለይም። እናትየውና ወንዱ ልጅ አንድ መልክ ናቸው፤ ልጅቷ ብቻ ሌላ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አዩት። መርዶውን በሰው አፍ መላክ ከብዷት ነው፣ የሄደችውን ለይታ አሳየችን አሉ። ወንድሜ ያን ቀን ራሱን ተላጨ።» በዓመቱ አቾል ተወለደች።

ድልድዩን ተሻግረን ስንመለስ እናቴ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያ ፎቶ አንሺ! አጥቦ ማስለቀቅ አቅቶት» አለች። ያ ደግ ሰውዬ ስጦታ በሰጠ፣ የታዘዘውን በፈጸመ፣ በሌለበት ተረገመ። እነግራታለሁ፣ እነግራታለሁ እያልኩ እናቴ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈች። አልነገርኳትም። እውነቱን መናገር ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እንደፈራሁት፣ እዚህ ዕድሜ ላይም ፈራሁት።

ያቺን ሙሽራ በሸኘሁ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ሸሪካት ሄድኩና ሁሉንም ለአቾል ተናዘዝኩ። ለእናቴ ያልኩትን፣ ለጋሽ ከበደ ያልኩትን፣ ለምን እንዳልኩት። የስሟ ምክንያት የእኔ ውሸት ነው። አቾል ልብስ እያጠፈች ሰማችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ማሌሽ፣ አይዞሽ፣ እህቴ» አለችኝ። «እኔም የምነግርሽ አለኝ። አባባ ያን ፎቶ በላስቲክ ጠቅልሎ ነበር የሚያኖረው። ሁልጊዜ ጠዋት ከብቶቹ ሲወጡ ያወጣዋል። እኔ ጭኑ ላይ ነኝ፤ እሱ ግን የሚያየው አንቺን ነው። ቢጫዋን። አንድ ቀን በጥፍሬ ፋቅኩሽ።»

«ከዚያስ?»

«መታኝ። በሕይወቱ ሙሉ የመታኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ እሱ ራሱ አለቀሰ።»

ፎቶው ዛሬ የለም፤ በአንዱ ሽሽት ላይ ጠፍቷል። የአባቴ ፎቶ ደግሞ ኖሮም አያውቅ። አሁን የሰፈራችን ልጆች ናይሮቢና ካምፓላ ላሉ አባቶቻቸው በስልክ ፎቶ ይልካሉ፤ ሻዩ ሳይበርድ መልሱ ይመጣል፤ «ፀጉርሽን ማን ሠራሽ?» ይባላሉ። ሳያቸው ቅናት እንደ ልጅነቴ ይይዘኛል። እኔም ኮምፒውተሬ ላይ ያበላሸሁትን በአንድ ጣት ወደ ነበረበት እመልሳለሁ፤ ያኔ ግን የታጠበው ታጥቦ፣ የቀረው ቀርቶ ድንበር ተሻገረ። አባቴ ይናፍቀኛል። ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ሰው እንዲህ ይናፍቃል ወይ እላለሁ፤ ይናፍቃል።

ከወንድሜ በፊት እንዲያየኝ ነበር የፈለግኩት፤ አየኝ፤ ስንት ዓመት በየጠዋቱ አየኝ፤ በየጠዋቱም የሞተች ልጅ እያየ ነበር። ዛሬ ምርጫ ቢሰጠኝ ጋሽ ከበደን ቀሚሴንም እጠብልኝ እለዋለሁ። ከእናቴና ከማቢዮር ጋር እኩል ጥቁርና ነጭ ሆኜ እቆማለሁ። አባቴ መጀመሪያ ማቢዮርን ይይ፤ ቀጥሎ እናቴን ይይ። እኔን መጨረሻ ላይ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ በሕይወት መኖሬን እያወቀ ቢያየኝ ይበቃኝ ነበር።