የልብስ ሰፊዋ የውሃ ልብስ

እህቴ ሰው ስትለካ አትናገርም። ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ እስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ፣ ሰውየውን ዞር ዞር ታደርገዋለች። ከዚያ ቁጥሩን ለራሷ አንሾካሹካ አንዲት ጣት ያህል ትጨምርበታለች። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት «ሰው ይበላል፣ ይቀመጣል፣ ይተነፍሳል» ትላለች። ጠበቅ ያለ የሚወዱ ወጣቶች ሌላ ሰፊ ጋ ይሄዳሉ፤ እሷም አትቆጭም። የሰፈሩ ሰው «መርፌ» ነው የሚላት። ቅጥነቷንም ሙያዋንም ባንድ ቃል ስለያዘ ስሙ ጸንቶ ቀረ።

የምትሠራው ከቤታችን ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ማሽን አላት። አንደኛው የእግር ማሽን ነው፤ ሁለተኛው ለቆዳና ለጎማ የሚሆን ከባድ ማሽን ሲሆን ያመጣላት ታላቅ ወንድማችን ነበር። እሱ የከተማው ውሃ አገልግሎት ጠላቂ ነበር። ሥራው ግድቡ ሥር ወርዶ ውሃ የሚገባባቸውን የብረት ወንፊቶች ከአረምና ከጭቃ መጥረግ ነው። ወንፊቱ ከተደፈነ የከተማው ሰው ቧንቧ ከፍቶ የሚሰማው ንፋስ ብቻ ይሆናል።

ጠላቂዎቹ የጎማ ልብሳቸው ሲቀደድ ወደ እሷ ያመጡ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ግን የተቀደደ ሳይሆን የጠበበ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሆድ አብሮ ይገፋል።

«መርፌ፣ ልብሱ ውሃ ውስጥ ተኮማተረብኝ» ይሏታል።

«አዎ፣ ያ ውሃ ደግሞ ዳቦ ይመግባል መሰለኝ» ትልና ጎንና ጎኑ ላይ ቁራጭ ጎማ ቀጥላ ለቀቅ ታደርግላቸዋለች። በዚህ የተነሳ የጠላቂ ልብስ ማለት ለእሷ ሁልጊዜ የሚጠብ፣ ሁልጊዜም ለቀቅ መደረግ ያለበት ነገር ሆኖ ኖረ።

ወንድማችን ባለፈው ዓመት አረፈ። ውሃ አልወሰደውም፤ አልጋው ላይ ነው፣ በልብ ሕመም። ለለቅሶ የመጣ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ውሃው ስለነበር ይህን መመለስ ለምዶብኛል።

እህቴ መጥለቅ የተማረችው እሱ በሕይወት እያለ ነው። በመዋኛ ገንዳ፣ በኪራይ ዕቃ ተማረች፤ እሱ ዳር ቆሞ ይስቅባት ነበር። ምስክር ወረቀቷን ስታገኝ «እንግዲህ ዓሣም ልብስ ሊሰፋለት ነው» አላት። ከእሱ በኋላ ቦታው ክፍት ሆነ። የጠላቂዎቹ አለቃ ራሱ ቤታችን መጣ። ሹመት ካገኘ ወዲህ ውሃ ነክቶት ስለማያውቅ «ደረቁ» ነው የሚሉት፤ እሱም ሲሰማ አይቆጣም።

«መርፌ፣ አንድ ወንፊት ወርደሽ ትጠርጊያለሽ። ከጨረስሽ ሥራው ያንቺ ነው» አላት። «ዕቃ ግን የራስሽን ይዘሽ ነይ። እኛ ዘንድ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር አይዋሱም።»

ሥራውን ፈልጋዋለች። ስፌቱ ቀዝቅዟል፤ ሰው ተሰፍቶ ያለቀውን ከገበያ ገዝቶ ይለብሳል። እሷም አርባዎቹን አጋምሳለች፤ ከዚህ በኋላ ነይ ግቢ የሚላት መሥሪያ ቤት እንደማይኖር ታውቃለች። ሌላም ምክንያት ነበራት። በለቅሶው ሰሞን «ውሃ ውስጥ እኮ ማንም አያወራኝም» ብላኛለች።

እናታችን ነገሩን ስትሰማ መግዛት የሚለው ቃል አልተዋጠላትም።

«የወንድምሽ እያለ ሌላ ትገዢያለሽ?»

የእሱ ዕቃ በክፍሉ በር ጀርባ ተሰቅሏል። እሱ ያደርግ እንደነበረው በየሳምንቱ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃ ጥላ ውስጥ የምታደርቀው እናታችን ናት።

«እማዬ፣ እሱ እኮ እኔን ሁለት ያክላል።»

«አንቺ ልብስ ሰፊ አይደለሽ? አጥብቢዋ!»

እህቴ ልብሱን ከመስቀያው አወረደችው። እጅጌው ላይ ያለው ጥጋን የራሷ እጅ ሥራ ነው። ከዚያ መተንፈሻውን አነሳች። በጥርስ የሚነከሰው ጎማ ላይ የጥርሱ ምልክት ቀርቷል፤ በግራ በኩል ጠለቅ ይላል። ሲበላም በግራው ነበር የሚያኝከው። ትንሽ አየችውና መልሳ ሰቀለችው።

«አልችልም» አለች።

ስለ ልብስ ተጠይቃ አልችልም ስትል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እናታችን አኮረፈች። ማኩረፏን የምናውቀው ሳህን ስታስቀምጥ በሚሰማው ድምፅ ነው።

የጠላቂ ዕቃ የሚሸጠው መደብር ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከጫማ መጋዘን በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው የአዲስ ጎማ ሽታ አለው። ባለሱቁ ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው።

«ለእርስዎ ነው?» አለኝ።

«ለእኔ ነው» አለች እህቴ። «እሱ ተሸካሚ ነው።»

መጀመሪያ የውሃ መነጽር አወጣ፤ ሮዝ ቀለም ነው። «ይሄ ለሴቶች ተብሎ የመጣ ነው፣ እትዬ።»

«ምነው፣ ዓሦቹ ሊያጩኝ ነው?»

ሳቀና ጥቁር ጥቁሩን ደረደረላት። ማሰሪያውን ሳያጠብቁ ፊት ላይ ማስቀመጥ፣ በአፍንጫ ወደ ውስጥ መሳብ፣ ከዚያ እጅን መልቀቅ ነው አላት፤ ካልወደቀ ልክ ነው። የመጀመሪያው ወደቀ። ቀጣዩም ወደቀ። ሌላው ያዘ። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ አፍንጫዋ በታፈነ ድምፅ «አለ?» አለችኝ።

«አለ» አልኳት።

የእግር መቅዘፊያውን ከነጫማው ለካች፤ ጣቷ ጫፉን ሲነካባት ሌላ አስመጣች። የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ግን እንደ ጠላቂ ሳይሆን እንደ ልብስ ሰፊ ነው የመረመረችው። ገለበጠችው፣ የትከሻውን ስፌት በጥፍሯ ፈተነችው፣ አንዲት የተረፈች ክር አግኝታ በጥርሷ በጠሰቻት። ባለሱቁ ቅር አለው። መተንፈሻው ላይ ስትደርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ሲበላሽ ማነው የሚጠግነው?»

«ይሄኛውን እኔ። ያኛው ወደ ውጭ ነው የሚላከው።»

«እንግዲያው ያንተን ስጠኝ።»

እስከዚህ ድረስ አንድም አልተሳሳተችም። የቀረው ልብሱ ነው። ባለሱቁ በዓይኑ ለካትና አንድ አመጣ። መጋረጃው ጀርባ ሆና ስታቃስት፣ ክርኗ ግድግዳውን ሲመታ ሰማን። ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል።

«ይተነፍሳሉ?» አላት።

«እተነፍሳለሁ፤ እሱ ሲፈቅድልኝ።»

«ልክዎ ነው ማለት ነው።»

«ይሄ ልክ ከሆነማ እኔ ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ሳባክን ኖሬያለሁ።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ቀሚስ አይደለም። ውሃው እንዳይ…»

«ስማኝ ወንድሜ። አንተ ትሸጥላቸዋለህ። ጠቦባቸው ሲያለቅሱ ግን የሚመጡት እኔ ጋ ነው።»

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ በሙያዋ ማን ይከራከራታል? ባለሱቁ ወደ እኔ አየ፣ ወደ እሷ አየ፣ ከዚያ ተነፈሰና ከፍ ያለውን ቁጥር አመጣ። እሱን ለብሳ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ጎንበስ አለች። በብብቷ ሥር ሁለት ጣት አስገብታ አየች።

«ይሄ ልብስ ይባላል» አለች።

የፈተናው ጠዋት ግድቡ ላይ ጭጋግ ነበር። የሚወረደው ከሲሚንቶው መድረክ ጫፍ በብረት መሰላል ነው። ጠላቂዋ ወገቧ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ አንድ ጊዜ ከሳበች ደህና ነኝ፣ ደጋግማ ከሳበች አውጡኝ ነው። ገመዱን የያዘው ወፍራሙ ነው፤ የወንድማችን የሥራ ጓደኛ፣ እሷም ልብሱን ስንት ጊዜ ለቀቅ ያደረገችለት። በእነሱ ልማድ ማንም የራሱን ዕቃ ራሱ ብቻ አይቶ አይገባም። ጓደኛው ከእግር እስከ አንገት በእጁ ይዳስሰዋል። ወፍራሙ የአየር ሲሊንደሩን ነካ፣ ቱቦውን ነካ፣ የእርሳስ ቀበቶውን ሳብ አደረገ። ሌላውን በዓይኑ አልፎ «ደህና ነው» አለ።

ወረደች። የትንፋሿ አረፋ ከወንፊቱ ጫፍ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ መሃል መጣ። መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ ገመዱ ተርገፈገፈ።

ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ መንጋጋዋ ስለሚንቀጠቀጥ መተንፈሻውን መያዝ አልቻለም። ደረቁ ቀረብ ብሎ የልብሷን አንገት በጣቱ ሳብ አደረገው። ውሃው በደረቷ ወርዶ በእግሯ ፈሰሰ።

«ምንድን ነው የለበስሽው? ጆንያ ነው?»

እኔ ፎጣ ደረብኩላት።

«ልብሱ ቆዳሽ ላይ ተጣብቆ ትንሽ ውሃ ይይዛል፤ የሚያሞቅሽ እሷ ናት። ያንቺ ገብቶ ይወጣል፣ ገብቶ ይወጣል። ታች ያለው ውሃ ያ ገንዳሽ መሰለሽ?» ወደ ወፍራሙ ዞረ። «አንተስ፣ ሳትዳስስ እንዴት ታስገባታለህ?»

«ጋሼ፣ የጓደኛዬ እህት ናት እኮ! ምኗን ልዳስስ?»

«አንገቷን!»

ወፍራሙ መሬት መሬት አየ። «ለእኛ ያደረግሽውን ለራስሽም አደረግሽዋ» አላት፤ ሊቀልድ ነበር፣ አልሆነለትም።

ደረቁ ሲጨርስ ቃሉ አጭር ነበር። ነገ ጠዋት የሚሞከር አንድ ዓሣ አጥማጅ አለ። ከእሱ በፊት የሚሆን ልብስ ለብሳ ከደረሰች ቅድሚያው የእሷ ነው። ካልደረሰች ወንፊቱ ሰው አይጠብቅም።

መደብሩ ውሃ የነካ ልብስ አይመልስም፤ ሌላ ለመግዛትም አቅሙ የለም። እህቴ ልብሱን ፀሐይ ላይ አደረቀችው። ከዚያ ገልብጣ ለበሰችውና ክፍሉ መሃል ቆመች። ጠመኔና የልብስ መቆንጠጫ ሰጥታኝ ላጣብብ ስል እናታችን ገባች።

«ወዲያ በል። ወንድ ልጅ ስለ ወገብ ምን ያውቃል?» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። በስተጀርባዋ ቆማ ጎማውን ሰበሰበች። «የወንድምሽን ብትለብሺ ኖሮ…»

«የእሱማ ጀልባ ያስገባል፣ እማዬ።»

«እዚህ ጋ?»

«ጨምሪ።»

«ያምሻል እኮ።»

«ጨምሪ።»

እህቴ ልብሱን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው መቀሱን ይዛ ቆየች። የተቆረጠ ጎማ መልስ የለውም። ቆረጠች። ከሁለቱም ጎን፣ ከብብት፣ ከጀርባ ረጃጅም ቁራጭ ወጣ። ጠርዞቹን ማስቲሽ ቀባች፤ ሲደርቅ አገጣጠመቻቸው፤ ከዚያ ማሽኑን ትታ በእጇ ሰፋችው። መርፌው የጎማውን ግማሽ ብቻ ነክቶ መመለስ አለበት፤ ወዲያ ማዶ ካለፈ በቀዳዳው ውሃ ይገባል። እናታችን ገና ያልተሰፋውን ጠርዝ በሁለት አውራ ጣቷ ጨምቃ እየያዘች ተከተለቻት።

«እሱንም ይበርደው ነበር?» አለች።

እህቴ ሳታቋርጥ «ይበርደው ነበር» አለች። «ከሥራ ሲመጣ ምድጃው አጠገብ የሚቀመጠው ለምን ይመስልሻል?»

«እኔ ደክሞት ነበር የሚመስለኝ።»

«ደክሞትም ነው።»

ብርሃኑ ሲቀንስ አምፖሉን አበራሁላቸው።

በማግስቱ ዓሣ አጥማጁ ቀድሞን ደርሶ መሰላሉ አጠገብ ተቀምጧል። ዕቃው አሮጌ ቢሆንም ንጹሕ ነው። ሰላም ተባባሉ። ደረቁ ወፍራሙን በዓይኑ ገሠጸው።

«ዳስሰኝ፣ አልነክስህም» አለችው እህቴ።

ወፍራሙ እንደ ጸሎት ዓይኑን ጨፍኖ ከቁርጭምጭሚቷ ጀመረ። አንገቷ ላይ ሲደርስ ጣቱን ለማስገባት ሞከረና ዓይኑን ከፈተ። «አይገባም!» ብሎ ጮኸ፣ ልጅ እንደተወለደለት ሰው።

አረፋው ከወንፊቱ ጫፍ ተነስቶ መሃሉ ላይ ደረሰ። ወፍራሙ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። አረፋው አልቆመም። እስከ ዳር ሄደ፣ ዝቅ ብሎ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ከወንፊቱ ጀርባ ያለው ውሃ በግድግዳው ላይ ከተቀባው ምልክት እያለፈ ከፍ ማለት ሲጀምር ደረቁ ሰዓቱን ማየት ተወ። ገመዱ አንድ ጊዜ ተሳበ።

ወጥታ መነጽሩን ስታነሳ በጉንጯ ዙሪያ ቀይ ክብ ታትሟል።

«ሰኞ ግቢ» አላት ደረቁ።

ለዓሣ አጥማጁ ሌላ ቦታ ሲገኝ እንደሚጠራው ነገረው። ሰውየው ሲሊንደሩን ትከሻው ላይ አደረገ፣ ለእህቴ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት፣ ከዚያ በግድቡ ጠርዝ ሄደ። እስኪሰወር ድረስ አየችው።

ልብሱ ግን አልወልቅ አለ። ወፍራሙ ልርዳሽ ሲል «ዳሰስክ፤ ይበቃሃል» አለችው። በመሥሪያ ቤቱ መኪና፣ በፎጣ ተጠቅልላ፣ እግሯን ሳታጥፍ ተዘርግታ ቤት ደረሰች። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥናት። እናታችን አንዱን እጅጌ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ጎተትን።

«ይሄን በየቀኑ ነው የምትለብሺው?» አለች እናታችን።

«በየቀኑ።»

«የማወልቅልሽ እኔ ነኝ?»

«ካላኮረፍሽ።»

እናታችን እግሯን ከአልጋው ቋሚ አስደግፋ ሳበች። እጅጌው ድንገት ለቀቀና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ልረዳት ስል እጄን ገፋችው።

«ዞር በል» አለች ትንፋሿን ሳትሰበስብ። «ያንንም እጅጌ እኔ ነኝ የምስበው።»