የሰው ጾም የሚጾመው ፍቅረየሱስ

ፍቅረየሱስ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጎባን የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ ኖረ። ቆጣሪ አንባቢ መቼም የሚወደድ ሰው አይደለም፤ እሱ ግን ይወደድ ነበር። ቆጣሪውን ከማየቱ በፊት የቤቱን በሽተኛ ይጠይቃል፣ የላላ ሽቦ ካየ ሳያጠብቅ አይወጣም። በወጣትነቱ ከሶዶ ሲመጣ አንድ ዘመድ አልነበረውም፤ ዘመዱን ያፈራው እንዲሁ ከደጅ ደጅ እየዞረ ነው።

ካቶሊክ ነው። በጎባ ካቶሊክ መሆን ማለት ከቅዳሴ የቀረው ማን እንደሆነ ዞር ሳይሉ ማወቅ ማለት ነው። የቅዱስ ዮሴፍ ወንድማማቾች ማኅበርም የተወለደው ከዚሁ ጥቂትነት ነው። ከሌላ አገር የመጣ አንድ አስተማሪ ሞቶ ዘመድ ቢጠፋ፣ የቁምስናው ወንዶች ተሸክመው ቀበሩት። ሲመለሱ ግን ፍቅረየሱስ ዝም አላለም። ሰውየው ያን ያህል ጊዜ ሲታመም ከመካከላችን ማን ጠየቀው? ብሎ ሁሉንም አሳፈራቸው። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ፣ ሃይማኖት ሳይለዩ፣ አልጋ የያዘ ሰው መጠየቅ ሥራቸው ሆነ።

ከሚጠይቋቸው አንዷ እማማ ሸዋርጋ ነበሩ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተኙ ቆይተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። የእህታቸው ልጅ ሳምራዊት ናት የምታስታምማቸው። አንድ ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ፍቅረየሱስና የማኅበሩ ሰብሳቢ ደጀኔ የገብስ ሾርባ ይዘው ሄዱ። ሳምራዊት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ፍቅረየሱስ ራሱ በማንኪያ ያጠጣቸው ጀመር። እማማ ጥቂት ከቀመሱ በኋላ አፋቸውን ዘጉ። ሾርባው ቅቤና የዶሮ ሥጋ ነበረበት፤ ቀኑ ደግሞ የነነዌ ጾም እኩሌታ ነው። ረቡዕና ዓርብን ማን ያጣዋል? እሱ የማይጾመው ነነዌ ግን በየዓመቱ ቀኑን እየለወጠ የሚመጣ ነውና ሁለቱም አላሰቡትም።

«ዕውር ናት ብላችሁ ጾሜን አስገደፋችሁኝ» አሉ እማማ። ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ጎባን አዳረሰ። ካቶሊኮቹ በሾርባ ሃይማኖት ሊያስለውጡ ነው ተባለ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ከሄዱባቸው በሮች ሁሉ «ተኝተዋል» እየተባሉ ተመለሱ። ደጀኔ ተቆጣ። እጃችን አመድ አፋሽ ነው፣ ከእንግዲህ የራሳችንን ሰው ብቻ እንጠይቅ አለ፤ አብዛኞቹም ተስማሙ። ማኅበሩ ያን ቀን ሊያበቃለት ነበር።

ፍቅረየሱስ ግን እንቢ አለ። ጥፋቱ የሾርባው ሳይሆን የእኛ ነው፤ ሰው ቤት እየገባን የቤቱን ጾም አናውቅም አላቸው። ስለዚህ የምንጠይቀውን ቤት ጾም እኛም እንጹም አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብለው ሳቁበት። እሱ ብቻውን ጀመረው።

ሁዳዴ ሲገባ እንደ እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመ፣ ባዶ እጁን ደጃቸው ይቀመጥ ጀመር። አላስገቡትም። ውሃ ቀድቶ ለሳምራዊት ሰጥቶ ይሄዳል። ረመዳን ሲመጣ ደግሞ እግሩ ሽባ የሆነውን ጎሚስታውን ከማለዲንን የሚጠይቀው ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ ሳይቀምስ ነው። «አካም ኦልቴ?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት ዋልህ እያለ ሲገባ ከንፈሩ ደርቆ ያየው ከማለዲን መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራለት። ሁዳዴና ረመዳን የተገናኙባቸው ዓመታት ፍቅረየሱስን እንዴት እንዳከሱት ሚስቱ ምኞት ብትጠየቅ ትናገራለች።

ከተማው ይህን አየ። በሮቹ ተራ በተራ ተከፈቱ፤ የሳቁት ወንድሞችም እያፈሩ መጾም ጀመሩ። ዛሬ የማኅበሩ ሕግ ነው። እማማ ሸዋርጋም በሦስተኛው ሁዳዴ «ይግባ፣ ብርድ ነው» አሉ።

ችግሩ የመጣው ኋላ ነው። ፍቅረየሱስ ስኳር እንዳለበት በምርመራ ታወቀ፤ እንዳይጾም ተነገረው። ለማኅበሩ ተናገረ፣ ለእማማ ግን ደብቆ ሁዳዴያቸውን መጾሙን ቀጠለ። ያ በር ዳግመኛ ከሚዘጋ ቢወድቅ ይሻለዋል። ደግሞም ወደቀ፤ እማማ ደጅ ላይ፣ እንስራውን ይዞ። ሳምራዊት ስኳር ውሃ አጠጥታ አነሣችውና ምኞትን ጠራች። ምኞትም ሁሉንም ለእማማ ነገረቻቸው።

ከወደቀ በሁለተኛው ሳምንት እማማ ራሳቸው አስጠሩት። ጠዋት ነው፣ ሁዳዴ ነው። እስከ ትንሣኤ ላይወርድ ታጥቦ የተሰቀለውን መጥበሻ አስወርደው እንቁላል አስጠብሰው ነበር። ጎረቤት ቢሸተው ምን እንደሚባል ያውቃሉ።

«ለምን ደበቅኸኝ?» አሉት።

«በርዎን እንዳይዘጉብኝ ፈርቼ ነው፣ እማማ።»

«በል ብላ።»

«ቤትዎ ጾም ነው፤ እንዴት አድርጌ?»

እማማ ሳህኑን በእጃቸው ዳብሰው ወደ እሱ ገፉት። «ጾሙማ አይቀርም። አንተ ብላ፤ ያንተን እኔ እጾመዋለሁ።»

ፍቅረየሱስ እያለቀሰ በላ። እማማ ሸዋርጋ የዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሳምራዊት ምሳ ብታቀርብላቸው፣ የሱ ገና አላለቀም ብለው ፀሐይ እስክትገባ ውሃ አልቀመሱም።